158 ነጥብና ሦስት ደብዳቤዎች

ባለፈው መጋቢት አንድ እሑድ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖር የቆየ ወዳጄ ቤት ለቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ የመጀመሪያ ልጁ ከክፍሏ ወጥታ ሦስት ደብዳቤዎች ከፊቴ ደረደረች። ሦስቱም ከሕግ ትምህርት ቤቶች የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም «እንኳን ደስ አለሽ» ብለው ይጀምራሉ። ልጅቷ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በ3.7 ጂፒኤ ጨርሳ፣ ሁለት ዓመት በአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ በረዳትነት ሠርታለች። አማርኛዋም እንግሊዝኛዋም የሰላ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ የሆነው የኤልሳት ፈተና ነጥቧ 158።

«ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ።

አባቷ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። መልሱን ከእኔ ቀድሞ ሰጠ። «ስሙ የታወቀው ጋ ነዋ! ለብድሩ እኔ ዋስ እሆናለሁ። የለፋሁት ለማን ሆነና?» እናቷ ምንም አልተናገረችም፤ ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች እያቀራረበች ታዳምጥ ነበር።

በዚያ ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠሁም። ከዚያ በኋላ ግን ከልጅቷ ጋር ብዙ ማታ ቁጭ ብለን ደብዳቤዎቹን ቃል በቃል አነበብናቸው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ልጆች በየቤቱ እየበዙ ስለሆነ፣ ያየነውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ አባቷ ከወደደው፣ በሌላ ከተማ ከሚገኝ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነው፤ የዓመት ክፍያው 72,000 ዶላር፣ ስኮላርሺፑ ባዶ። ሁለተኛው ከቤታቸው በመኪና ተመላልሳ ልትማርበት ከምትችል፣ ስሙ እምብዛም ከማይነሣ ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው 48,000 ሆኖ 36,000ውን በስኮላርሺፕ ይሸፍንላታል። ሦስተኛው የማታ ነው፤ በዓመት 25,000፣ ግን አራት ዓመት ይፈጃል፤ ቀን ቀን ሥራዋን ሳትለቅ ትማራለች።

አንድ ልጅ፣ አንድ ነጥብ፣ ሦስት የተለያየ ዋጋ። ለምን?

መነሻው ፈተናው ነው። ኤልሳት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ነጥቡ ከ120 ተነሥቶ 180 ላይ ያበቃል፤ የተፈታኙ ግማሽ ያህል ከ150ዎቹ መጀመሪያ በታች ያገኛል፤ 170 የሚደርሱት ከመቶ ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎችን ያስለቅስ የነበረው «ሎጂክ ጌምስ» የተባለው ክፍል ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ ሁለቱ የክርክርን አወቃቀር የሚመረምሩ፣ አንዱ የንባብ። ለሙከራ የሚገባ፣ ነጥብ የማይያዝበት አራተኛ ክፍልም አለ፤ ተፈታኙ ግን የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃ ይሰጣል።

የሕግ ዕውቀት የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ የለበትም። የሚለካው በችኮላ ውስጥ ሆኖ ረቂቅ ጽሑፍ አንብቦ፣ ክርክሩ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ማየትን ነው። ወላጆቻችን ጠበቃ ሲሉ የሚታያቸው እንደ ጥንቱ የበላ ልበልሃ ተሟጋች አንደበቱ የሚፈስ ሰው ነው። አንደበት ለሙያው ይጠቅማል፤ ለዚህ ፈተና ግን ምንም አይፈይድም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው ብሎ ተጨማሪ ጊዜ ማግኘትም አይቻልም፤ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቀደው በጤናና በአካል ጉዳት ምክንያት ነው። በልጅነቱ በአማርኛ ያነበበ ሰው ዝግጅቱን ሲጀምር የንባብ ፍጥነቱ ላይ ብዙ ወራት ማዋል እንዳለበት ከወዲሁ ይወቀው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚገቡ ተማሪዎቻቸውን የኤልሳት ሚዲያን ለሕዝብ ይገልጣሉ። ሚዲያን አማካይ ማለት አይደለም። 101 ተማሪዎችን ከዝቅተኛው ነጥብ እስከ ከፍተኛው በሰልፍ ብናቆማቸው፣ 51ኛው ላይ የቆመው ልጅ ነጥብ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል የአቆጣጠር ነገር የብዙ ሺህ ዶላር ዕጣ ይወስናል። ሚዲያኑ 162 እንዲሆን ለሚፈልግ ትምህርት ቤት 163 ያመጣ ልጅና 175 ያመጣ ልጅ በቁጥሩ ላይ የሚያደርጉት ለውጥ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከመሐሉ በላይ ይቆማሉ። 161 ያመጣው ልጅ ደግሞ 150 ካመጣው ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነው። በአንድ ነጥብ ልዩነት ገደል አለ።

ትምህርት ቤቶቹ ለዚህ ቁጥር የሚጨነቁት ለረጅም ዘመን የዩኤስ ኒውስ መጽሔት ደረጃ ሲሰጣቸው ስለሚመዝንበት ነው። በኅዳር 2022 የዬልና የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከዚያ ምዘና መውጣታቸውን አስታወቁ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። መጽሔቱም በማግሥቱ ዓመት የፈተናውን ክብደት ቀንሶ፣ ተመራቂዎች ሥራ ማግኘታቸውንና የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን ማለፋቸውን አስበለጠ። ሚዲያኑን በገንዘብ የመግዛት ልማድ ግን አልቀረም፤ ዛሬም የስኮላርሺፕ ደብዳቤ የሚጻፈው በአብዛኛው በዚያው ስሌት ነው።

ለልጅቷ ይህን ሳስረዳት ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጋ ዝም አለች። የስመ ጥሩ ትምህርት ቤት ሚዲያን 162 ነው፤ እሷ ከዚያ በታች ናት። የሁለተኛው 156 ነው፤ እሷ ከዚያ በላይ ናት። በአንዱ ቤት ሚዲያን ታስጠብቃለች፣ ስለዚህ ይከፍሏታል። በሌላው ቤት ሚዲያን አታስጠብቅም፣ ስለዚህ ትከፍላለች። የምትከፍለውስ የት ይሄዳል? ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ባለጠጋ ከተወው የአደራ ገንዘብ የሚወጣ ሳይሆን፣ ከክፍያው ላይ የሚደረግ ቅናሽ ነው፤ ለአንዱ የተቀነሰለትን ሌላው ሞልቶ ይከፍለዋል። የወዳጄ ልጅ 72,000ውን ሙሉውን ብትከፍል፣ አጠገቧ ለምትቀመጥ 165 ነጥብ ላላት ልጅ ቅናሽ ማሟያ ትሆናለች ማለት ነው። ታክሲ ነጂው አባት ለማያውቃት ልጅ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ይህን አምርሬ ነው የምናገረው፤ ሥርዓቱ ገንዘቡን ከደከመው ወስዶ ለበረታው ይሰጣል።

ከሀገር ቤት ዲግሪ ይዘው ለመጡ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የፈተናው አዘጋጅ ድርጅት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ውጤት በራሱ ቀመር አስልቶ ለትምህርት ቤቶቹ ይልካል። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጣ ውጤት ግን ወደ አሜሪካ ጂፒኤ አይቀየርም፤ ደረጃው በቃላት ተገልጦ ነው የሚቀርበው፤ በትምህርት ቤቱ የጂፒኤ ሚዲያን ውስጥም አይገባም። ስለዚህ እንዲህ ያለ አመልካች በቁጥር የሚመዘነው በኤልሳቱ ብቻ ነው። ሸክምም ዕድልም ነው። እዚያ አንድ ሴሚስተር ተበላሽቶበት የነበረ ሰው እዚህ በደንብ የተሠራ አንድ ፈተና መንገዱን ይከፍትለታል። ሀገር ቤት ሕግ የተማሩ ደግሞ ሦስት ዓመቱን እንደገና ከመጀመራቸው በፊት ሌላውን መንገድ ይመርምሩ። ኤልኤልኤም የተባለው የአንድ ዓመት ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ኤልሳት አይጠይቅም፤ እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶችም በውጭ ሀገር የሕግ ዲግሪ ላይ እሱን ለጨመረ፣ ደንባቸውን ካሟላ፣ ባር የሚባለውን የጥብቅና ፈቃድ ፈተና እንዲፈተን ይፈቅዳሉ።

ወደ ሁለተኛው ደብዳቤ ልመለስ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

36,000 ዶላር የሚለው ቁጥር በደማቅ ቀለም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ ግን፣ ስኮላርሺፑ የሚታደሰው ተማሪዋ የመጀመሪያውን ዓመት በ3.0 እና ከዚያ በላይ ካጠናቀቀች ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ልጅቷ አንብባዋለች፤ ቁም ነገር ብላ ግን አልያዘችውም። «3.7 ይዤ የተመረቅሁ ልጅ 3.0 ያቅተኛል?» ብላ በቅንነት ጠየቀችኝ።

ያቅታል፤ ከእሷ ድክመት የተነሣ ግን አይደለም። በሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ውጤት የሚሰጠው በከርቭ ነው። መምህሩ ሁሉም ጎበዝ ናቸው ብሎ ለሁሉም ኤ መስጠት አይችልም፤ የክፍሉ አማካይ የት ላይ መዋል እንዳለበት ደንብ አለ። የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች ደንብ አስፈልጌያት ስታገኘው፣ የመጀመሪያ ዓመት አማካይ 3.0 እንዲሆን ያዛል። ብዙ ተማሪ ከአማካዩ በታች መዋሉ አይቀርም። እያንዳንዱ ልጅ ቀንና ሌሊት ቢያጠና እንኳ ከስኮላርሺፕ ተቀባዮቹ መካከል የሚወድቁ ይኖራሉ፤ ሒሳቡ ራሱ ይጥላቸዋል። የወደቀ ተማሪ ደግሞ አንድ ዓመት ተምሮ፣ ተበድሮ፣ ከመንገድ ላይ ነው። ያኔ መልቀቅም ኪሳራ፣ መቀጠልም ኪሳራ ይሆንበታል።

ይህን አስቀድሞ ማወቂያ መንገድ አለ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና የሰጣቸው የሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ «509» የሚባል መግለጫ በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር ድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት ግዴታቸው ነው። የነጥብ ሚዲያን፣ የትምህርት ክፍያ፣ ስንቱ ተማሪ የክፍያውን ግማሽ፣ ስንቱ ሙሉውን በስኮላርሺፕ እንዳገኘ፣ ስንቱ እንዳቋረጠ በዚያ ላይ ይገኛል። ቅድመ ሁኔታ ያለው ስኮላርሺፕ ይዘው ከገቡት ስንቶቹ እንደተቀነሰባቸው ወይም እንደተነጠቁም በቁጥር ሰፍሯል። ልጅቷ የዚያን ትምህርት ቤት ሰንጠረዥ በስልኳ ከፍታ ሁለቱን ዓምዶች ስታነጻጽር ፊቷ ተለወጠ። ስኮላርሺፑን ያጡት ጥቂቶች አልነበሩም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ስመ ጥሩ ትምህርት ቤት 72,000 ክፍያ፣ በሌላ ከተማ ለመኖሪያና ለምግብ 30,000፤ በዓመት 102,000፣ በሦስት ዓመት 306,000 ዶላር። ይህ የክፍያ ጭማሪም ወለድም ሳይታሰብ ነው። ከዚህ በፊት የፌዴራሉ መንግሥት «ግራድ ፕላስ» በተባለው ብድር የቀረውን ሁሉ ይሸፍን ነበር። በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህን ብድር አስቀርቶታል፤ የሕግ ተማሪ ከመንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ነው። በሦስት ዓመት 150,000 ማለት ነው። የቀረው 156,000 ከግል ባንክ ይመጣል፤ የግል ባንክ ደግሞ ዋስ ይጠይቃል። አባቷ «ዋስ እሆናለሁ» ሲል የፈቀደው ይህንን ነው፤ ቤቱንና የጡረታ ዘመኑን ነው ያስያዘው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ከስኮላርሺፑ በኋላ 12,000 ይቀረዋል። ከቤት ብትመላለስ ለመጽሐፍ፣ ለነዳጅና ለመሳሰለው 10,000 እንጨምር፤ በዓመት 22,000፣ በሦስት ዓመት 66,000። ስኮላርሺፑን በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ብታጣ ግን 72,000 ይጨመርበትና 138,000 ይሆናል። በዚያ ግርጌ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ዕዳዋን ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል።

በ8 ከመቶ ወለድ በ10 ዓመት ቢከፈል 306,000 ዶላር በየወሩ 3,700 ገደማ ይጠይቃል። 138,000ው ከ1,650 በላይ፣ 66,000ው ደግሞ 800 ገደማ ነው። በዓመት 75,000 ዶላር ደመወዝ ያለው ጀማሪ ጠበቃ ሜሪላንድ ውስጥ ግብሩ ተቀንሶ በወር እጁ የሚገባው ከ5,000 ያነሰ ነው።

«ጠበቃ እኮ 200,000 ያገኛል» የሚል አለ፤ አባቷም ብሎኛል። እውነት ነው፤ በትልልቆቹ የሕግ ድርጅቶች የጀማሪ ደመወዝ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ 225,000 ዶላር ነው። የአሜሪካ ጀማሪ ጠበቆች ደመወዝ በወረቀት ላይ ሲሣል ግን ሁለት ተራራዎችና በመካከላቸው ሸለቆ ይታያል። አንዱ ተራራ እዚያ ከፍታ ላይ ነው። ሌላው፣ ብዙው ሰው ያለበት፣ ከ60,000 እስከ 90,000 አካባቢ ነው፤ የመንግሥት ጠበቆች፣ ተከላካዮች፣ የትንንሽ ቢሮ ጠበቆች፣ የኢሚግሬሽን ጠበቆች። በሸለቆው ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «አማካይ ደመወዝ» የሚባለው ቁጥር ማንም የማይኖርበትን ቦታ ያመለክታል። ወደ ከፍተኛው ተራራ በብዛት የሚያደርሱት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ከሌሎቹ የሚደርሱት በአብዛኛው ከክፍላቸው ላይኛው ጫፍ የወጡት ናቸው።

የአንድን ትምህርት ቤት ዋጋ ለማወቅ ከስሙ ይልቅ የሥራ መግለጫውን ማየት ይሻላል፤ እሱም በየዓመቱ ይወጣል፤ ተመራቂዎች ከወጡ ከ10 ወር በኋላ የት እንዳሉ ያሳያል። «ተቀጥረዋል» የሚለውን ጠቅላላ ቁጥር ማመን አይገባም። የሚፈለገው መስመር ሙሉ ጊዜ፣ የረጅም ጊዜ፣ የጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ የሚለው ነው። ከመቶ ተመራቂ ስንቱ እዚያ መስመር ላይ አለ? ስንቱስ የባር ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራው አለፈ? ሁለተኛውን ትምህርት ቤት በዚህ ስንመዝነው ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። ተመራቂዎቹ በብዛት በሜሪላንድና በዋሽንግተን የክልል ፍርድ ቤቶች፣ የመንግሥት ቢሮዎችና ትንንሽ ድርጅቶች ተቀጥረዋል፤ ልጅቷ መሥራት የምትፈልገውም እዚያው ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ትልቅ ሰው ታሪክ ልጥቀስ። ተርጉድ ማርሻል በ1930 የሕግ ትምህርት ሲጀምር የባልቲሞር ልጅ ነበር። በከተማው ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም። ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ገባ፤ እዚያ መኖር ግን አቅሙ አይፈቅድም፤ ከወላጆቹ ቤት በባቡር ይመላለስ ነበር። እናቱ ለክፍያው የጋብቻ ቀለበቷን አስያዘች። በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ወጣ፤ በ1935 ከመምህሩ ከቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ጋር ያንኑ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት ከሶ ለአንድ ጥቁር ተማሪ በሩን አስከፈተ፤ በ1967 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ይህን ለወዳጄ ስነግረው፣ ከቤት እየተመላለሱ መማርን እንደ ውርደት ማየቱን ትንሽ ለዘብ አደረገ። እኛ ዘንድ ልጅ እስኪያገባ ከወላጅ ጋር መኖሩ ነውር ሆኖ አያውቅም። በዚህ ሀገር ሒሳብ ደግሞ ያ ልማዳችን በዓመት 20,000 ዶላር ያወጣል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። እንደገና ብትፈተንስ? ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚያዩት ከፍተኛውን ነጥብ ነው፤ ፈተናውንም ነጥቡ ለትምህርት ቤቶች በሚላክባቸው ዓመታት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ሙሉ ሰባት ጊዜ መውሰድ ይፈቀዳል። አዘጋጁ ድርጅት ራሱ እያንዳንዱ ነጥብ ግራና ቀኝ ሦስት ነጥብ ያህል ሊወዛወዝ እንደሚችል ከውጤቱ ጋር ይገልጣል። 158 ማለት ከ155 እስከ 161 ማለት ሊሆን ይችላል። ፈተናው ይህን ያህል አላውቅም እያለ፣ ስኮላርሺፕ ሰጪዎች ግን በአንድ ነጥብ ገደል ይቆፍራሉ። ከዚህ የተነሣ ለብዙ ልጆች ከደመወዝ ሥራ ሁሉ የበለጠ የሚከፍለው፣ አራትና አምስት ነጥብ ለመጨመር የሚያጠኑባቸው ጥቂት ወራት ናቸው።

ለሁሉም ግን አይሆንም። መለኪያው ቀላል ነው። ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሠሩ የመጨረሻዎቹ አምስት የልምምድ ፈተናዎች ምን አሳዩ? የፈተናው አዘጋጅ ለልምምድ የሚሆኑ ያለፉ ፈተናዎችን በነፃ ያቀርባል። የልምምዱ ነጥብ 164 ሆኖ የፈተናው ቀን 158 የመጣ ከሆነ፣ ያ ልጅ ሌላ ነጥብ አለው፤ አንድ ዓመት ይጠብቅ፣ የቦታ ማስያዣ ቀብዱን አይክፈል። የወዳጄ ልጅ ግን ሁለት ጊዜ ተፈትናለች፤ ልምምዷም 158ና 159 ላይ የረጋ ነው። ለእሷ ሌላ ዓመት መጠበቅ ዕድሜ መፍጀት ነው አልኳት፤ ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ።

የማታውን ትምህርት ቤት ችላ ብዬ ያለፍኩት ሊመስል ይችላል። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ልቤ እዚያ ነበር። ደመወዟ ሳይቋረጥ፣ የክፍያውን ገሚስ ከኪሷ እየሸፈነች፣ አራት ዓመት። ያመነታሁት በድካሙ ነው። ቀን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስትጽፍ ውላ ማታ ውል ሕግ ማንበብ፣ ያውም በከርቭ እየተለኩ፣ ቀላል አይደለም። ልጅ ያሳደገ፣ ቤት የሚከፍል ሰው ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ይህን መንገድ ይመልከት።

እኔ ለልጅቷ የሰጠኋት ፍርድ ይህ ነው፤ ሁለተኛው፣ ግርጌው ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ከተነሣ። ካልተነሣ የማታው። የመጀመሪያው በምንም መልኩ አይሆንም።

ዓረፍተ ነገሩ ይነሣል ወይ? መጠየቅ ይቻላል፤ ወገኖቻችን ግን አይጠይቁም። የተሰጠንን ስጦታ መልሶ መደራደር ነውር ይመስለናል። ለስኮላርሺፕ ክፍሉ የሚጻፍ ጨዋ ደብዳቤ በዚህ ሀገር የተለመደ ነገር ነው፤ ሰጪዎቹም ይጠብቁታል። ይህ ዕድል የሚጠፋው «ከተቀበላችሁኝ ወደ እናንተ ብቻ እመጣለሁ» ብሎ ቀድሞ ለሚያመለክት ነው፤ ገና ከመጀመሪያው እጁን ሰጥቷልና። እሷ አንድ ገጽ ጻፈች። ትምህርት ቤቱን እንደምትመርጠው፣ ተመርቃ በአካባቢው መሥራት እንደምትፈልግ፣ ሌሎች ሁለት ቦታዎች እንደተቀበሏት፣ የ3.0ው ቅድመ ሁኔታ ግን ቤተሰቧን እንዳሳሰበ አስረዳች። ገንዘብ ይጨመርልኝ አላለችም፤ ቅድመ ሁኔታው ይነሣልኝ ብቻ ነው ያለችው።

መልሱ በ12ኛው ቀን መጣ። 36,000ው እንዳለ ሆኖ፣ ማደሻው ከ3.0 ወርዶ ከትምህርት ገበታ ላለመሰናበት የሚያበቃ ውጤት ብቻ ሆነላት። በማግሥቱ ቀብዷን ከፈለች።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ ብድር ዋስ ሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ስሙን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉና ሁለት ወረቀት ጠይቁ፤ የትምህርት ቤቱን 509 መግለጫና የስኮላርሺፑን ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ ልጃችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ቁጥሩን ጠይቁት።